እያጠቀሱ የሚበሉት ኑድል ወይስ የሚጋሩት ሳህን? ቶኪዮ ውስጥ ማታ የት እንብላ ለሚሉ

ለስልጠናም ሆነ ለትምህርት ቶኪዮ የሚመጡ ወዳጆቼ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ቃሉ እንኳን አይለወጥም፦ «ኑድሉ ይሻላል ወይስ ያ ትንንሽ ሳህን የሚደረደርበት ቤት?» ሁለቱንም አገር ቤት ሆነው በስልካቸው አይተዋቸዋል። አንደኛው ትሱኬሜን ነው፤ ወፍራም ኑድል ለብቻው፣ ትኩስና ወፈር ያለ መረቅ ለብቻው ቀርቦ እያጠቀሱ የሚበሉት። ትሱኬሩ ማለት በጃፓንኛ ማጥቀስ ነው፤ እኛ እንጀራውን ከወጡ እንደምናጠቅሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ኢዛካያ ነው፤ መጠጥ እየጠጡ ትንንሽ ሳህኖችን መሐል ላይ አስቀምጠው የሚጋሩበት ቤት።

ጥያቄው ሲደጋገም መልሱን አንድ ጊዜ በደንብ ጽፌ ለማስቀመጥ ወሰንኩ። ሐሳቤን አልደብቅም፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ለመጣና ጃፓንኛ ለማያነብ ሰው ትሱኬሜኑን እመርጣለሁ። ጣዕሙን እወደዋለሁ፤ ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ትሱኬሜን ቤት ዋጋውን የምታውቁት ከመቀመጣችሁ በፊት ነው። ኢዛካያ ዋጋውን የምታውቁት ከበላችሁና ከጠጣችሁ በኋላ ነው።

የምኖረው በካቱሺካ ወረዳ ነው። ከቶኪዮ ወረዳዎች ኢትዮጵያውያን በርከት ብለው የሚገኙት እዚህ ስለሆነ እንግዳ አይጠፋም። ዮትሱጊ ከሚባለው ጣቢያ በኬይሴይ ባቡር አንድ ፌርማታ ብትሄዱ ታቴይሺ ትደርሳላችሁ፤ በርካሽ መጠጥ ቤቶቹ በመላው ቶኪዮ የታወቀ ሰፈር ነው። ጃፓኖች «ሴንቤሮ» የሚል ቃል አላቸው፤ በ1,000 የን ሞቅ ብሎ መውጣት ማለት ነው፤ ታቴይሺም ስሙ የሚነሳው ከዚሁ ጋር ነው። ጥሩ ኢዛካያ ምን እንደሚመስል በቅርብ አይቻለሁ ለማለት ያህል ነው። መጥፎውንም አይቻለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት የጓደኛዬ አጎት ከአዲስ አበባ መጡ። ቅዳሜ ማታ አራት ሆነን ትልቅ ጣቢያ አጠገብ ወዳለ ሰፈር ሄድን። ያሰብነው ሁሉም ነገር አንድ ዋጋ ወደሆነበት የታወቀ ኢዛካያ ለመግባት ነበር። በሩ ላይ ሳንደርስ አንድ ወጣት ፕላስቲክ የለበሰ የዋጋ ወረቀት ይዞ ቀረበን። «የምትሄዱበት ቤት ሞልቷል፣ የእኛ ቤት የእሱ እህት ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈለጋችሁትን ጠጡ፣ በሰው 1,500 የን ብቻ» አለን። ምልክታቸው በቀለምም በፊደል አጣጣልም የታወቀውን ቤት ይመስላል። በሊፍት ወደ ላይ ወጣን።

መጀመሪያ ማንም ያላዘዘው፣ ሁለት ማንኪያ የማይሞላ ጎመን በትንሽ ሳህን ለእያንዳንዳችን ቀረበ። ከእኛ ሁለቱ አልኮል አይጠጡም፤ የቀዘቀዘ ሻይ ብቻ ለማዘዝ ስንሞክር «ገደብ የሌለው መጠጥ ለጠረጴዛው በሙሉ ነው» ተባልን። አምስት ፍሬ የተጠበሰ ዶሮ መጣ፤ ውስጡ ገና በረዶነቱ አልለቀቀም። በእንጨት የተሰካው ሥጋ ደርቆ የተሞቀ ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሰዓታችሁ አልቋል ብለው ሂሳቡን አመጡ።

ደረሰኙን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። የጎመኑ ሳህን 500 የን በአራት፣ 2,000። የመቀመጫ ክፍያ 500 በአራት፣ 2,000። ገደብ የሌለው መጠጥ የቅዳሜ ጭማሪ ታክሎበት 2,000 በአራት፣ 8,000። ምግቡ 6,800። ድምሩ 18,800። በላዩ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያም ላይ 10 በመቶ የፍጆታ ታክስ። የመጨረሻው ቁጥር 22,748 የን ሆነ፤ በሰው 5,687። ምግብ ተብሎ የተጻፈው ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ እንኳን አልሞላም። አጎትየው ወረቀቱን አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የከፈልነው የትኛውን በልተን ነው?» አሉኝ። አፍሬ መልስ አጣሁ። እንግዳው እሳቸው፣ ያገሩ ሰው ነኝ ባይ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ርቦን ስለነበር ከጣቢያው ማዶ ወዳለ ትሱኬሜን ቤት ወሰድኳቸው። አራት ትኬት፣ እያንዳንዱ 1,050 የን፣ በድምሩ 4,200። ጠግበን ወጣን።

ለኢዛካያ ፍትሕ ልስጥ። ያ ያላዘዝነው ጎመን ኦቶሺ ይባላል፤ በኦሳካና በአካባቢዋ ትሱኪዳሺ ይሉታል። በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ አብዛኛው ኢዛካያ የሚያደርገው የቆየ ልማድ ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 የን ነው። ጎበዝ ባለቤት ያለበት ቤት ኦቶሺው ራሱ ከሚታዘዘው ምግብ ይጥማል። ችግሩ ማንም አስቀድሞ የማይነግራችሁ መሆኑ ነው፤ አራት ሰው ከሆናችሁ ምንም ሳታዙ 2,000 የን ድረስ ወጥቷል። የዋጋ ዝርዝሩንም አስተውላችሁ እዩት። ከ2021 ሚያዝያ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ታክስ የተጨመረበትን ጠቅላላ ዋጋ ማሳየት ግዴታ ነው፤ ሆኖም ብዙ ቤት ታክስ የሌለበትን ቁጥር በትልቁ፣ ያለበትን ከሥሩ በደቃቁ ያትማል። ዓይን የሚያርፈው በትልቁ ላይ ነው።

አሁን ታማኝ የሆነ ተራ ኢዛካያ እንውሰድና እንቁጠር። ኦቶሺ 400። ሁለት ብርጭቆ መጠጥ፣ እያንዳንዱ 550 ቢሆን 1,100። ከነልጣጩ የተቀቀለ አረንጓዴ አኩሪ አተር፣ እነሱ ኤዳማሜ የሚሉት፣ 400። የተጠበሰ ዶሮ 650። በእንጨት የተሰካ ዶሮ አራት ፍሬ 800። የጥሬ ዓሣ ሳህን 1,500። ምግቡን ለሁለት ብታካፍሉት በሰው 1,675 ይደርሳል፤ ከኦቶሺውና ከመጠጡ ጋር 3,175። ይህ ማንም ሳያታልላችሁ ነው። ያንን ከፍላችሁም ሆዳችሁ አይሞላም። ጃፓኖቹ ራሳቸው ከኢዛካያ ሲወጡ «ሺሜ» ብለው፣ ማለትም ማሳረጊያ፣ ራመን (መረቅ ውስጥ ተጨምሮ የሚቀርብ ኑድል) ቤት የመግባት ልማድ አላቸው። 3,000 የን ካወጡ በኋላ 1,000 የን ጨምረው ኑድል የሚበሉ ከሆነ፣ ሲጀመር ወደ ኑድሉ መሄድ ይቻል ነበር ባይ ነኝ።

ትሱኬሜን ቤት ስትገቡ በሩ ሥር የትኬት ማሽን ይቆማል። ገንዘቡን ታስገባላችሁ፣ ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ትኬቱን ለሠራተኛው ትሰጣላችሁ፤ በቃ። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ነው። የመቀመጫ ክፍያ የለም፣ ኦቶሺ የለም፣ ጉርሻ የለም፣ ውኃ በነጻ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ተራው ሳህን ከ900 እስከ 1,200 የን ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ እንቁላሉም ሥጋውም ሁሉም የተጨመረበት ከ1,300 እስከ 1,500 ይሄዳል። የራመን ነጋዴዎች ለረጅም ጊዜ «የ1,000 የን ግድግዳ» የሚሉት ነገር ነበር፤ ደንበኛ ለአንድ ሳህን ኑድል ከ1,000 በላይ አይከፍልም የሚል ፍርሃት ነው። የዱቄት፣ የጋዝና የአጥንት ዋጋ ሲወጣ ብዙዎች ያንን ግድግዳ ዘልለዋል። ይህን በምጽፍበት ጊዜ በባንክ ምንዛሪ አንድ የን ከአንድ ብር ብዙም ስለማይርቅ፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የማሽኑን ቁጥር በብር አድርጎ ማንበብ ይችላል።

አንድ ምክር፦ ሁሉም የተጨመረበትን አትግዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ፎቶው ትልቁን ቁልፍ ይጫናል። እንቁላል ብቻውን ከ100 እስከ 150 የን ነው፤ ተራውን ገዝቶ እንቁላል መጨመር ይበቃል። በትሱኬሜን ዋጋ የሚያወጣው ኑድሉ ነው፤ በኑድሉ መጠን ደግሞ ብዙ ቤቶች ቸሮች ናቸው። መካከለኛውና ትልቁ አንድ ዋጋ የሆነባቸው አሉ፤ ሌሎቹ ለትልቁ 100 የን ያህል ይጨምራሉ። በማሽኑ ላይ ወይም በግድግዳው ላይ ግራሙ ተጽፎ ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ከመቀቀሉ በፊት ያለውን፣ አንዳንዱ ከተቀቀለ በኋላ ያለውን ይጽፋል። ወፍራም ኑድል ሲቀቀል ውኃ ጠጥቶ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያም በላይ ይጨምራል። ስለዚህ «300 ግራም ከመቀቀሉ በፊት» የሚለው ቤት «400 ግራም ከተቀቀለ በኋላ» ከሚለው የበለጠ ይሰጣችኋል። በ1,000 የን 300 ግራም ያልተቀቀለ ኑድል ማለት ለ100 ግራም 333 የን ነው፤ ትልቁ ሳህን በዚያው ዋጋ 400 ግራም ከሆነ ወደ 250 ይወርዳል። ሆኖም የማትጨርሱትን አትውሰዱ፤ ኑድል መተው እዚህ ነውር ነው፣ አስቀምጦ መውሰድም የለም።

ማሽኑ አንድ መጥፎ ጠባይ አለው። ብዙዎቹ የሚቀበሉት የ1,000 የን ኖትና ሳንቲም ብቻ ነው፤ ከባንክ ያወጣችሁት ባለ 10,000 ከሆነ በወረፋው ፊት ቆማችሁ ትጨነቃላችሁ። በ2024 ሐምሌ አዲሶቹ ኖቶች ሲወጡ ደግሞ ማሽኑን ለማስቀየር አቅም ያነሳቸው ትንንሽ ቤቶች ነበሩ። ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ወደ ባለ 1,000 እና ወደ ሳንቲም ዘርዝሩ።

አሁን ስለ ጣዕሙና ስለ አስመሳዮቹ። ትሱኬሜን የሠራተኛ ምግብ ነበር። ያማጊሺ ካዙኦ የሚባሉ ሰው ናካኖ ውስጥ ታይሾኬን በተባለ ቤት ሲሠሩ፣ ሠራተኞች የተረፈውን ኑድል መረቅና ሶያ ሶስ ባለበት ጽዋ እያጠቀሱ ይበሉ ነበር። ደንበኞች አይተው እኛም ይቅረብልን አሉ፤ በ1955 «ልዩ ሞሪሶባ» በሚል ስም በ40 የን መሸጥ ጀመረ። ያማጊሺ በ1961 ሂጋሺ ኢኬቡኩሮ ላይ የራሳቸውን ታይሾኬን ከፈቱ፤ በ2015 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። አሠራራቸውን አይደብቁም ነበር፣ ስሙንም አይነፍጉም ነበር፤ ለዚህ ነው ዛሬ ታይሾኬን የሚል ምልክት በየሰፈሩ የምታዩት። ለገዢ ግን ይህ ማለት ስሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም ማለት ነው። አንዱ ታይሾኬን መረቁን ሌሊት ሙሉ ሲያፈላ፣ ሌላው ያቀለለው ሊሆን ይችላል። የቀድሞው አሠራር መረቁ ቀጠን ያለ፣ አቼቶና ስኳር የገባበት፣ በትንሹ የሚያቃጥል ነው። ጣፋጭና ጎምዛዛ አንድ ላይ ለማይወድ ምላስ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል።

ዛሬ በፎቶ የምታዩት ወፍራሙና ቡናማው መረቅ የኋላ ልጅ ነው። በ2005 ኦሳኪ ላይ ሮኩሪንሻ የሚባል ቤት ተከፈተ፤ የአሳማና የዶሮ አጥንት ለረጅም ሰዓት አፍልቶ ከደረቀ ዓሣ ጋር አዋሕዶ፣ በላዩ የዓሣ ዱቄት አስቀምጦ፣ እንደ ጣት የወፈረ የሚመስል ኑድል ይዞ መጣ። ኑድሉን የሚያቀርብለት አሳኩሳ ካይካሮ የተባለ የኑድል ሠሪ ነበር። ወረፋው ረዘመ፤ ቀጥሎ ቶኪዮ ጣቢያ ምድር ቤት በሚገኘው የራመን ጎዳና ቅርንጫፍ ከፈተ። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። በየጣቢያው አንድ ዓይነት መረቅ ስለበዛ የራመን ወዳጆች «ማታኦማ» የሚል ስያሜ አወጡለት፤ «ደግሞ አንተ ነህ?» እንደማለት ነው።

አስመሳዩን ለመለየት ብዙ ገንዘብ ከፍያለሁ። በካርቶን ከመጣ የተዘጋጀ መረቅ የሚሠራ ቤት መረቁ ወፍራም ይሆናል፤ ግን ውፍረቱ የስታርች ነው። ከንፈር ላይ አይጣበቅም፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ገንፎ ውኃ ይተፋል። የአጥንት መረቅ ግን ከንፈር ያያይዛል። ሁለተኛው ምልክት ዱቄቱ ነው፤ የመረቁን ድህነት ለመሸፈን የዓሣ ዱቄት ከመጠን በላይ ይከምሩበታል፣ ገና ሳህኑ ሳይቀርብ ሽታው አፍንጫ ይመታል፣ መጨረሻ ላይ አፍ ውስጥ አሸዋ ይተዋል። ሦስተኛው ሰዓት ነው። የእውነት ወፍራም ኑድል ለመቀቀል ስምንት ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ይጠነክራል። ትኬት ሰጥታችሁ በሦስት ደቂቃ ከቀረበላችሁ፣ ወይ ኑድሉ ቀጭን ነው፣ ወይ ቀድሞ ተቀቅሎ ቆይቷል። ወረፋ የሚበዛበት ቤት ቀድሞ ቢቀቅል ኑድሉ ሳይቆይ ስለሚያልቅ ምንም አይደለም፤ ባዶ ቤት ውስጥ ግን በሦስት ደቂቃ የመጣ ሳህን ደስ አይበላችሁ። የአንዱን ሰፈር ቤት እንዲህ አድርጌ በ1,180 የን ተምሬበታለሁ። ኑድሉ በመሐሉ ጠንካራ፣ በዳሩ ደግሞ ሙጫ ነበር፤ ባዶው ወንበር ያስጠነቅቀኝ ነበር፣ እኔ ግን ዝናብ ስለነበር ገባሁ።

ሌላው ቅሬታ የመረቁ መቀዝቀዝ ነው። ቀዝቃዛ ኑድል ትኩስ መረቅ ውስጥ ስትነክሩ በአምስተኛው ጉርሻ ላይ ለብ ይላል። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይጨርሰዋል፤ ዝም አትበሉ። የጋለ ድንጋይ መረቁ ውስጥ የሚጨምሩላችሁ ቤቶች አሉ፣ ሌሎቹ ጎድጓዳ ሳህኑን ወስደው ያሞቁላችኋል፤ ሁሉም በነጻ ነው። ከመጀመሪያው ኑድሉን ትኩስ አድርገው እንዲያቀርቡ «አትሱሞሪ» ማለት ይቻላል፤ ግን ጥንካሬው ይላላል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። እኔ ቀዝቃዛውን እመርጣለሁ። ኑድሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ የቀረው መረቅ እንዲሁ ቢጠጣ ጨው ነው። «ሱፑ ዋሪ» በሉ፤ ቀጭን ትኩስ መረቅ ይጨምሩላችሁና እንደ ሾርባ ይጠጣል። ይህም ዋጋ የለውም። አንዳንድ ቤት ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፤ ሳያውቁት ትተውት የሚወጡ እንግዶች አይቻለሁ፣ የሳህኑ ምርጥ ክፍል ቀረባቸው።

እስካሁን ያልነካሁት ለእኛ ሰው ትልቁ ጉዳይ ነው፤ አሳማ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብዛኞቻችን አንበላውም፤ ወፍራሙ የትሱኬሜን መረቅ ደግሞ በአብዛኛው የአሳማ አጥንት ነው። እዚህ ላይ ኢዛካያው ይበልጣል፤ ዶሮና ቶፉ፣ ዓሣና አረንጓዴ አኩሪ አተር እየመረጡ ማዘዝ ይቻላል። ይህን አምኜ እቀበላለሁ። የትሱኬሜን መፍትሔው «ቶሪ ፓይታን» የሚል የተጻፈበትን ቤት መፈለግ ነው፤ ነጭ የዶሮ መረቅ ማለት ነው። ያን ምሽት አጎትየውን የወሰድኳቸው እንደዚያ ወዳለ ቤት ነበር። ሆኖም የዶሮ ቤት እንኳን በላዩ የአሳማ ቁራጭ ሊያስቀምጥ ስለሚችል «ቻሹ ናሺ» ማለት፣ ያለ አሳማው ማለት፣ አይዘንጋ። ይህ ግን የሚያስቀረው ቁራጩን ብቻ ነው። የሶሱ ቅመም ራሱ አሳማው ከተቀቀለበት ሶያ ሊሠራ ይችላል። አጥብቆ ለሚጠነቀቅ ሰው የሐላል ምልክት ያላቸው የራመን ቤቶች በአሳኩሳም በሺንጁኩም አሉ፤ ዋጋቸው ከተራው ከፍ ይላል።

ከሁሉም የቀለለው መንገድ ግን ወደ እናቲቱ መመለስ ነው። ያማጊሺ ምግባቸውን ሞሪሶባ ያሉት በቀድሞው ሞሪሶባ ስም ነው፤ ጠቆር ያለ ቀጭን ኑድል ቀዝቅዞ ቀርቦ በሶያና በዓሣ መረቅ እየተጠቀሰ ይበላል። አሳማ የለበትም። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቆመው በሚበሉባቸው ቤቶች ከ400 እስከ 500 የን ነው፤ መጨረሻ ላይ ኑድሉ የተቀቀለበትን ትኩስ ውኃ ይሰጧችኋል፣ ከቀረው መረቅ ጋር ቀላቅሎ መጠጣት ነው። ከዚህ የረከሰ ትኩረት የሚገባው ምሳ በዚህ ከተማ አላውቅም። ዓሣን በጾም ለማይነካ ሰው ግን ይህም አይሆንም፤ መረቁ የደረቀ ዓሣ አለበት። ለጿሚ ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ ቲስ ታንታን የሚባል ከሥጋም ከእንቁላልም ከወተትም ነጻ የሆነ የራመን ቤት አለ። ኢዛካያ ከገባችሁ ደግሞ ኤዳማሜ፣ የቀዘቀዘ ቲማቲምና ቀዝቃዛ ቶፉ እዘዙ፤ ቶፉው ላይ በስሱ የተላገ የደረቀ ዓሣ ስለሚበትኑበት «ካትሱኦቡሺ ናሺ» ማለት ያስፈልጋል።

ወዳጆቼ ለኢዛካያ የሚከራከሩበት ሌላ ምክንያት አለ። «እኛ ከአንድ ገበታ በልተን ያደግን ነን፤ እያንዳንዱ ግድግዳ እያየ በየሳህኑ የሚበላበት ቤት ምን ደስታ አለው?» ይሉኛል። አባባሉ ይገባኛል። በመሶቡ ግን ወጥ ይጨመራል፣ እንጀራ ይታጠፋል፣ ማንም አይቆጥርም። የኢዛካያ ሳህን ቁጥር አለው። አምስት ፍሬ ዶሮ ለአራት ሰው ሲቀርብ አምስተኛዋ ሳህኑ ላይ ቀዝቅዛ ትቀራለች፤ እኛ በይሉኝታ አንነካትም፣ ጃፓኖቹም እንዲሁ። በኦሳካ በኩል ለዚያች ፍሬ ስም አውጥተውላታል፤ «ኤንርዮ ኖ ካታማሪ»፣ የይሉኝታ ቁራጭ ብንለው ይሄዳል። የሚካፈለው ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ እነሱ እኩል ያካፍላሉ፤ ሻይ የጠጣው ቢራ የጠጣውን ይሸፍናል። እኛ ደግሞ «ተው እኔ ልክፈል» እያልን እንጎተታለን፤ እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ለ22,748 የን የተዘጋጀ ሰው አልነበረም። በማሽኑ በኩል ያለው አከፋፈል ይህን ያስቀራል። ጋባዡ ቀድሞ ገብቶ የአራቱን ትኬት ገዝቶ ይጠብቃል፤ ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃል።

ያም ሆኖ ሰው ለመጨዋወት ከፈለገ ትሱኬሜን ቤት አይሆንም። በልቶ መነሳት ነው፤ ከበስተኋላችሁ ወረፋ ቆሟል፤ ብዙ ጊዜ አራት ሰው ጎን ለጎን አይቀመጥም። ለእንዲህ ያለው ምሽት ኢዛካያ ምረጡ፤ በዚህ ቅድመ ሁኔታ፦ መንገድ ላይ የቀረባችሁን ደላላ አትከተሉ፣ የታወቀ ቤት ስም ቢጠራም። ካቡኪቾ በሚባለው የሺንጁኩ የምሽት መዝናኛ ሰፈር ውስጥ ደላላ አትከተሉ የሚል ማስጠንቀቂያ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ትሰማላችሁ፤ ቶኪዮ ከልክ ያለፈ ሂሳብ በሚያስከፍሉ ቤቶች ላይ ደንብ ያወጣችው በ2000 ነው፤ ነገሩ ዛሬም አልጠፋም። ጥሩ ቤት ደንበኛ ለመያዝ መንገድ ላይ አይወጣም።

እኔ እንግዳ የምወስደው ቶሪኪዞኩ ነው። በእንጨት የተሰካ ዶሮ ዋና ሥራው ነው፣ ምግቡም መጠጡም አንድ ዋጋ ነው፣ ኦቶሺ የለውም። ለ28 ዓመት ያህል ያልነካውን ዋጋ በ2017 ጥቅምት ከ280 ወደ 298 የን ከፍ ሲያደርግ አገር ሲነጋገርበት ነበር፤ ያ ከታክስ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ጨምሮ በ2025 ታክስን ጨምሮ 390 ሆኗል። ቢሆንም ሳህኑን መቁጠር ትችላላችሁ፤ ቁጥሩን በአንዱ ዋጋ ማባዛት ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አጎትየው ተመልሰው መጡ። በዚያ ቤት አራት ሆነን ምግብና መጠጥ ደምረን 22 አዘዝን፤ 8,580 የን፣ በሰው 2,145። ሂሳቡን ከመክፈላችን በፊት እሳቸው ራሳቸው በወረቀት አባዝተው ቁጥሩን ነግረውን ነበር፣ አንድ የን እንኳን አልተሳሳቱም። ኮታቸውን እየለበሱ «ያ የምናጠቅስበት ቤት ገና ክፍት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ቤቱ የመጨረሻ ትኬት የሚሸጠው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለ 1,000 የን ኖቶቼን ቆጥሬ ቀድሜያቸው ሄድኩ።